ስለ እግሬ ማን ነገራችሁ?

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ «ብሩሽ» እያለ ነው የሚጠራው። እኔም እንደ ሰፈሩ ነኝ፤ ዋርሳዬ ስለሆነ ቀልዱም ቁጣውም ይፈቀድልኛል።

ሠላሳ ዓመት የሱቅ ሰሌዳ ጽፏል። የፀጉር አስተካካዩ፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ የጎማ ጠጋኙ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ በመንገዳችን ግራና ቀኝ የነበረው ፊደል ሁሉ ከእሱ እጅ የወጣ ነው። መሰላል ላይ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የምላሱን ጫፍ አውጥቶ ሲጽፍ ያየው ሰው እንዳይረብሸው ብሎ ቀስ ብሎ ነበር የሚያልፈው። አንዲት «ጠ» ጠመመችብኝ ብሎ ሙሉ ሰሌዳ ፍቆ እንደገና የጀመረበትን ቀን አስታውሳለሁ። ባለ ሱቁ «ኧረ ማንም አያየውም!» ቢለው፣ «እኔ አየዋለሁ፤ በየቀኑ በዚህ ነው የማልፈው» አለው።

ከዚያ ማተሚያ ማሽኑ መጣ። እሱ ሦስት ቀን የሚደክምበትን ሰሌዳ ማሽኑ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ በላስቲክ ላይ አትሞ ይተፋዋል፤ ፎቶ ቢሉት ፎቶ፣ ወርቃማ ቢሉት ወርቃማ። መጀመሪያ ጎማ ጠጋኙ ሄደ፤ ቀጥሎ መድኃኒት ቤቱ። የጥርስ ሐኪሙ ብቻ «የኔ እስኪነቃነቅ ይቆይ» ብሎ ትንሽ ታገሠው፤ ብዙም ሳይቆይ እሱም ጡረታ ወጣ።

ብሩሽ በሃምሳ ዓመቱ ቤት ዋለ። እህቴ የምትሠራው በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታጥፍ ውላ ስትገባ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ታገኘዋለች። አንድም ቀን ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም። እኔ ብሆን ሁለት ሦስት ይወጣኝ ነበር፤ እህቴ ግን ትዕግሥቱን የት እንደምታስቀምጠው እንጃ፣ አያልቅባትም። አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ አለችና፣ «ስማኝማ፣ የሞተው ቀለሙ ነው፤ ፊደሉ አልሞተም። ሰው ዛሬም ያነባል። የት እንደሚያነብ ሄደህ ፈልግ» አለችው።

«ያን ቀን ብብቴ ሥር ገብታ ያነሣችኝ ያህል ነው» ይላል ዛሬም ሲያወራው።

ሄዶ ፈለገ። ከገበያው ጀርባ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የኢንተርኔት ማስታወቂያ ሥራ የሚያስተምሩበት ቦታ አገኘና ለሁለት ወር ተመዘገበ። ከሁሉም ተማሪዎች በዕድሜ ትልቁ እሱ ነበር። አሰልጣኟ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ መነጽሬ የት ሄደ እያለች የምትፈልግ፣ ሳቂታ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን «ድረ ገጹ እንግዳው ስልክ ውስጥ ኩኪስ ያስቀምጣል» ስትል ብሩሽ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ፣ ብስኩቱ ስልኩን አያበላሸውም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ግን አጠገቡ መጥታ ተቀመጠችና፣ ብስኩት ሳይሆን ድረ ገጹ ለራሱ የሚተዋት የማስታወሻ ቁራጭ መሆኗን፣ እስኪገባው ድረስ ሦስት ጊዜ አስረዳችው። «ስቃ ብትተወኝ ኖሮ ደብተሬን አንሥቼ እሄድ ነበር» ይላል። ሰው ያደረገለትን ነገር አይረሳም፤ አንዱ ጠባዩ ይሄ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ስለ ፒክስል ተማሩ። አሰልጣኟ እንዲህ ብላ ነበር ያስረዳቻቸው። «ድረ ገጹ ላይ ለዓይን የማትታይ አንዲት ነጥብ እናስቀምጣለን። ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ነጥቧ ለማስታወቂያ ድርጅቱ ሹክ ትላለች፤ ይሄ ስልክ እዚህ ነበር፣ ይሄን ዕቃ አየ፣ እስከዚህ ደርሶ ተመለሰ ትላለች። ድርጅቱ እነዚያን ስልኮች ሰብስቦ ታዳሚ ይላቸዋል። ከዚያ ሰውዬው ዜና ሲያነብም፣ የአየር ጠባይ ሲያይም፣ የእናንተ ማስታወቂያ ከጎኑ ብቅ ይላል።»

ያን ቀን ቤት ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። «እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ሰሌዳዬን ግድግዳ ላይ ቸንክሬ ሰው እስኪመጣ ስጠብቅ ኖርኩ! ይሄኛው ሰሌዳ እግር አለው። ሰውዬውን ቤቱ ድረስ ይሸኘዋል!»

እህቴ ካልሲ እያጣመደች፣ «ሸኝቶ ይመለሳል ወይስ እዚያው ያድራል?» አለችው። ተሳሳቅን፤ ነገሩም በዚያው አለፈ።

ሥራውን ያገኘው በእኔ በኩል ነው። የምሠራው ጫማ ቤት ነው፤ ጫማ ቤት ስላችሁ ግን እንደ ሌላው እንዳይመስላችሁ። የእኛ ጫማዎች ግራና ቀኛቸው አይመሳሰልም። አንድ እግሩ ለሚያጥር፣ አንድ እግሩ ለሚተልቅ፣ በአደጋ ጣቱን ላጣ ሰው ነው የምንሰፋው። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ስድሳ ያለፋቸው፣ ጣታቸው በማስቲሽ የጠቆረ፣ ሲናደዱ ወስፌያቸውን ጠረጴዛ ላይ ተክለው ወደ ውጭ የሚወጡ ሰው ናቸው። ስድስት ሠራተኞች ነን። እኔ የጫማውን የላይ ቆዳ እሰፋለሁ፤ ስልክም የማነሣው እኔ ነኝ፣ ድምፅሽ ያባብላል ተብዬ።

ያኔ ልንዘጋ ምንም አልቀረንም ነበር። የእኛ ዓይነት ደንበኛ ከብዙ ሰው መካከል አንድ ነው የሚገኘው፤ ያም አንዱ እግሩን ደብቆ ነው የሚኖረው። ድረ ገጽ ነበረን፤ ምን እንደሚሠራ ግን የሚያውቅ አልነበረም። እኔ «ጋሼ፣ ዋርሳዬ ይሞክረው» ስላቸው፣ «ቀለም ቀቢው? ኮምፒውተሬን ቀለም ያስነካብኝና አየዋለሁ!» አሉ፤ ግን እሺ አሉ።

ብሩሽ መጥቶ ከተጠቀለሉት ቆዳዎች አጠገብ ተቀመጠ። በሁለተኛው ቀን ጋሼን ጠራቸው።

«ጋሼ፣ ባለፈው ወር ድረ ገጹን ዘጠኝ መቶ ሰው ከፍቶታል።»

«ዘጠኝ መቶ? የደወሉት እኮ አሥራ አንድ ናቸው! የቀሩትን ምን አድርገን አስቀየምናቸው?»

«አላስቀየምናቸውም። ብዙዎቹ የእግር መለኪያው ገጽ ድረስ መጥተዋል። እዚያ ሲደርሱ ነው የሚመለሱት። አፍረው ይመስለኛል።»

የጋሼ እናት ያነክሱ ነበር፤ ይህን ሙያ የጀመሩትም ለእሳቸው ብለው ነው። «እንግዲህ ጥራቸው» አሉት።

ነጥቧን አስቀመጠ። መለኪያው ገጽ ደርሰው የተመለሱትን ሁሉ ለብቻ ታዳሚ አደረጋቸው። ለስንት ጊዜ እንከተላቸው የሚለውን ኮምፒውተሩ ሲጠይቀው ረጅሙን መረጠ፤ ስድስት ወር። ወፍራም ሶል ያለው ቡናማ ጫማ ፎቶ አነሣና ከላዩ በነጭ ፊደል እንዲህ ብሎ ጻፈበት፦ «አንድ እግርዎ ያጥራል? ያዩት ጫማ እየጠበቀዎት ነው።»

ጋሼ ቆመው አነበቡትና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ይሄ ነው ፊደል!»

እውነት ለመናገር ነገሩ ሠራ። ከሁሉ የማይረሳኝ አንድ ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። «የእናንተን ገጽ ከሁለት ወር በፊት አይቼው ጠፋብኝ። ስሙን አልያዝኩት። ስፈልጋችሁ ከርሜ፣ ዛሬ ዜና ሳነብ እናንተው መጣችሁልኝ! ዕድሜ ይስጣችሁ» አሉኝ በስልክ። ጫማቸውን ሊወስዱ የመጡ ዕለት ብሩሽን አቅፈው ሳሙት። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንገባ የነበርነው ስድስታችንም ሙሉ ሳምንት መግባት ጀመርን። ጋሼ ለብሩሽ መደገፊያ ያለው ወንበር አስመጡለት፤ እሳቸው እንኳን በርጩማ ላይ ነው የሚቀመጡት።

አንድ ማክሰኞ ጧት ስልኩ ጮኸ።

«ሃሎ፣ ጫማ ቤቱ ነው?» የሴት ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ጥርት ያለ።

«አዎ የኔ እመቤት፣ ምን እንታዘዝ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ስለ እግሬ ማን ነገራችሁ?»

አልገባኝም። «ይቅርታ፣ አዝዘው ነበር?»

«አላዘዝኩም። ስሜን አልሰጠሁም፣ አልደወልኩም፣ አልጻፍኩም። ቤቴ ተቀምጬ ገጻችሁን አየሁና ዘጋሁት። በቃ፣ ያደረግኩት ይሄንን ነው። ማን ነገራችሁ?»

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ብሩሽን በዓይኔ ጠራሁት። ድምፁ ለሁለታችንም እንዲሰማ አደረግኩት።

መምህርት ናት። ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ግራ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ ያጥራል። እናቷ በጫማዋ ውስጥ የሚገባ የጨርቅ ድርብ ሰፍተው አስለምደዋት፣ ቀሚሷን አስረዝማ፣ አረማመዷን አጥንታ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስታስተምር አንድም ባልደረባ አላወቀባትም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ወገቧ አላስቀምጥ አላስቆም አላት። ለዚያ ነው በላፕቶፗ ገጻችንን የከፈተችው። በሳምንቱ ክፍል ገብታ ላፕቶፗን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘችና ለተማሪዎቿ የዝናብ ካርታ ልታሳይ አንድ የአየር ጠባይ ገጽ ከፈተች። ካርታው ግድግዳውን ሞላው። ከካርታው ጎን ደግሞ የበር ያህል ሆኖ የእኛ ቡናማ ጫማ ቆሞ ነበር፤ «አንድ እግርዎ ያጥራል? ያዩት ጫማ እየጠበቀዎት ነው» ከሚል ጽሑፍ ጋር።

«ቢስቁ ይሻለኝ ነበር» አለች። «አልሳቁም። ጸጥ አሉ። ፊት ወንበር ላይ ያለችው ቀስ ብላ ወደ ጫማዬ አየች። ከዚያ አጠገቧ ያለችው አየች። ከዚያ ሁሉም።»

ብሩሽን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ስልኩን ከእጄ ወሰደው።

«እመቤት፣ ያን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ገጹ ላይ የመጣውን ሰው የምትከተል ነገር አስቀምጬ ነበር። ስምዎን አላውቅም፤ መልክዎንም አላውቅም። ስልክዎንና ኮምፒውተርዎን ግን ስከተል ነበር።»

«ሲከተሉኝ ከአጠገቤ ማን እንዳለ አስበው ያውቃሉ?»

ብሩሽ መዋሸት አያውቅበትም። «አላሰብኩም» አለ። «እውነቴን ነው፤ አንድ ቀን እንኳን አላሰብኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልልዎትም፤ አሁን ይቅር ቢሉኝ ለእኔ እንዲቀለኝ ብለው ነው የሚሆነው። ዛሬውኑ አወርደዋለሁ። ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ የምሠራውን ሠርቼ ስጨርስ ልደውልልዎ?»

«እኔን አይከተሉኝም?»

«ቁጥርዎን በፈቃድዎ ከሰጡኝ ብቻ።»

በስልኩ ውስጥ አንዲት አጭር ትንፋሽ ተሰማች፤ ሳቅ ትሁን ለቅሶ አለየኋትም። ቁጥሯን ነገረችው።

ስልኩ እንደተዘጋ ማስታወቂያውን አወረደ፤ የሰበሰባቸውንም ስልኮች ዝርዝር አጠፋ። ከዚያ ሄዶ ለጋሼ ነገራቸው። ጋሼ ወስፌያቸውን ጠረጴዛው ላይ ተከሉ።

«አንዲት ሴት ስላፈረች ቤቴን ልዝጋ?»

«ጋሼ፣ እሷ ደወለች። ያልደወለው ስንት ነው?»

«ቀያሹስ? ቀያሹ እኮ ያቀፈህ ስለተከተልከው ነው!»

«እሱም እውነት ነው» አለ ብሩሽ። «ለዚህ ነው ጨርሼ ላጥፋው የማልልዎት። አንድ ሳምንት ይስጡኝ።»

ጋሼ ወደ ውጭ ወጡ። ቆይተው ተመለሱና፣ ማንንም ሳያዩ፣ «እናቴ ያን ግድግዳ ላይ ብታየው ዳግመኛ ከቤት አትወጣም ነበር» አሉ። ሳምንቱን ሰጡት።

ያቺ ሳምንት ከብዳን ነበር። ስልኩ ዝም አለ። እኔም የምሰፋው አጥቼ የክር ሳጥኔን ሁለት ጊዜ አስተካከልኩ። ብሩሽ ወደ አሰልጣኟ ሄደ። እሷም ስትሰማ ራሷን ያዘች። «በሽታና አካል የሚነካ ነገር ሲሆን እንዲህ እንዳይደረግ አስጠንቅቄ ማስተማር ነበረብኝ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፍኩት» አለችው። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አብራው ተቀመጠች። ነጥቧን እንግዳው «እሺ» ሳይል ሹክ እንዳትል አደረጓት። ስድስቱን ወር ወደ ሁለት ሳምንት አወረዱት። ጫማውን የገዛ ሰው ያኔውኑ ከታዳሚው እንዲወጣ አደረጉ። ማስታወቂያው ላይ ስለ እግር የሚያወራ ቃል እንዳይኖር፣ ማንም ሰው ሊገዛው የሚችል ተራ ጫማና የቤታችን ስም ብቻ እንዲታይ አደረጉ።

የቀረው የፈቃድ መጠየቂያው ጽሑፍ ነበር። ሌሎች ድረ ገጾች የሚጽፉትን ሰብስቦ አየ፤ ሁሉም የጠበቃ ደብዳቤ ይመስላል። ከዚያ አቀናብሮ አንድ ረጅም ጽሑፍ አዘጋጀና ለመምህርቷ ደውሎ አነበበላት።

«ይሄ ለማን ነው የሚገባው?» አለችው።

«ለእኔም ብዙ አልገባኝም።»

«ታዲያ ለምን ይጽፉታል? ለአንድ ተማሪ እንደሚነግሩት አድርገው ይንገሩኝ። ምንድን ነው የሚያደርጉት?»

ነገራት። እሷ እያረመች፣ እሱ እየጻፈ፣ እኔ ከጎን እየሰማሁ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። በመጨረሻ የወጣው ይሄ ነው፦ «ወደዚህ ገጽ መምጣትዎን ከያዝነው፣ ማስታወቂያችን በሌላ ቦታም ይታይዎታል። አጠገብዎ ያለ ሰውም ሊያየው ይችላል። እናስታውስዎ ወይስ እንርሳዎ?» ከሥሩ ሁለት መጫኛዎች፦ «አስታውሱኝ»፣ «እርሱኝ»።

አሰልጣኟ ስታየው፣ «'አስታውሱኝ' የሚለውን ተለቅ አድርገው፣ አረንጓዴ ቀባው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለችው። ብሩሽ እሷን በጣም ያከብራታል፤ ተቃውሟት አያውቅም። ያን ጊዜ ግን፣ «የኔ እህት፣ አንዱን አሳንሼ ከጻፍኩ መጠየቅ ሳይሆን ማታለል ነው» አላት። እኩል አድርጎ ጻፋቸው። ማስመሪያ ይዞ ስክሪኑ ላይ ሲለካ አይቼዋለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከመቶ ሰው «አስታውሱኝ» ያለው ሠላሳ አንድ ነበር። ጋሼ «ሠላሳ አንድ!» ብለው ሰማይ ሰማይ አዩ። በሁለተኛው ሳምንት ግን የሚደውሉት ሰዎች ድምፅ የተለየ መሆኑን እኔ ስልክ አንሺዋ አስተዋልኩ። ቀድሞ ሰው ሲደውል ግማሹ «ለአንድ ዘመዴ ነው» ይለኝ ነበር። አሁን «ለእኔ ነው» የሚለው በዛ። የሚያዝዘው ሰው ቁጥር እንደ ድሮው አልሆነም፤ ለስድስታችን ግን በቃን። አንድ በአውቶቡስ ጣቢያ ትኬት የሚቆርጥ ሰውዬ እንዲህ ብሎ ጻፈልን፦ «እርሱኝ የሚለውን ነካሁ። እውነት ትረሱኝ እንደሆነ ላይ ብዬ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። አልመጣችሁም። እኔ መጣሁ።» ጋሼ ያን ደብዳቤ አሳትመው ከፎርማዎቹ በላይ ለጠፉት። ፎርማ የምንለው ጫማ የሚወጠርበትን የእንጨት እግር ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህርቷ መጣች። ሳትነግረን ነው የመጣችው፤ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ። በሩ ላይ ቆማ፣ «ፊደል ጸሐፊው የቱ ነው?» አለች። ብሩሽ ከወንበሩ ሲነሣ የተጠቀለለ ቆዳ ላዩ ላይ ወደቀበት። እሷ ሳቀች፤ ድምፅዋን ለየሁት። ጸጉሯ ላይ ሽበት ጣል ያደረገባት፣ ቀጥ ብላ የምትቆም ሴት ናት። እኔ እግሯን እንዳላይ ዓይኔን ፊቷ ላይ ተክዬ ቀረሁ።

«ማየት ትችያለሽ» አለችኝ። «ልለካ ነው የመጣሁት።»

ጋሼ ማንም እንዲለካት አልፈቀዱም። ራሳቸው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ፤ ለደንበኛ ሲንበረከኩ ካየሁ ቆይቷል። የጨርቁን ድርብ ከጫማዋ ውስጥ አወጡት። ስንት ጊዜ እንደተጠገነ ስፌቱ ይናገራል። ጋሼ በጣታቸው እየዳሰሱት፣ «ይሄን የሰፋ እጅ ባለሙያ ነበር» አሏት። ያን ሲሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናቷ ካረፉ አራት ዓመታቸው ነበር፤ ለሰው አሳይታው ስለማታውቅ፣ ያን ስፌት ያመሰገነላት ሰው አልነበረም።

ሦስት ሴንቲ ተኩል ሆነ። ጋሼ ግማሹን ከውስጥ፣ ግማሹን በሶሉ ውስጥ ከፍለው ሠሩት፤ የላዩን ቆዳ እኔ ሰፋሁት። ሰው የሚያማርጠው ዓይነት ጫማ ሆነ። ጫማው እስኪያልቅ እዚሁ ከተማ ካለች የአክስቷ ልጅ ዘንድ ሰነበተች። በአምስተኛው ቀን አድርጋው ከበሩ እስከ መስፊያ ማሽኔ ተራመደች። ተመለሰች። እንደገና ተራመደች። ከዚያ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

«ምን ሆኑ? ያምዎታል?» አልኳት ደንግጬ።

«አያመኝም» አለች። «እሱ ነው የገረመኝ።»

ከዚያ በኋላ የምስጋና ግብግብ ሆነ። እሷ ብሩሽን ልታመሰግን ስትል እሱ «እኔ ነኝ እንጂ የማመሰግንዎት» ይላል፤ ጋሼ መሐል ገብተው «ኧረ እኔ!» ይላሉ። «በክፍል ውስጥ አዋርዳችሁኝ ታመሰግኑኛላችሁ?» አለቻቸው እየሳቀች። ብሩሽ ግን አልሳቀም። «እመቤት፣ ገጹን ዘግተው ዝም ብለው፣ ሆድ ይፍጀው ብለው መቅረት ይችሉ ነበር» አላት። «ሌሎቹ እንደዚያ ነው ያደረጉት። እርስዎ ደውለው ጠየቁኝ፤ ከዚያም ደግሞ ተቀምጠው አረሙኝ። ይሄን ሁሉ የማድረግ ግዴታ አልነበረብዎትም።»

መስከረም ላይ ደብዳቤ ጻፈችልን። ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ለተማሪዎቿ ስለ እግሯ ራሷ ነግራቸዋለች፤ ቀሚሷንም አሳጥራለች። ማንም ያስገደዳት የለም፤ «የሚያውቁትን ከእኔ አፍ እንዲሰሙት ፈለግኩ» ነው ያለችው። ወገቧም ተሽሏታል።

ብሩሽ አሁን ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ከእኛ ሌላ አንድ የመስሚያ መሣሪያ የሚሸጥ ቤትና አንድ የዓይን ክሊኒክ ያሠሩታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ያስተምራል፤ አሰልጣኟ ናት «ይሄን ክፍል አንተ ንገራቸው» ብላ የሰጠችው። እህቴ ቅዳሜ ጧት ሸሚዙን ራሷ ነው የምትተኩስለት፤ «የሆቴሉ አንሶላ እንኳን እንዲህ ቀጥ አይልልኝም» ትላለች።

ባለፈው ቅዳሜ የረሳውን መነጽር ላደርስለት ሄጄ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አሉ። ገና ሰላምታ ሰጥቶ፣ ነጥቧ ምን እንደምትሠራ ሁለት ቃል ተናግሮ፣ «አሁን ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡ» አላቸው። «አንድ የዜና ገጽ ክፈቱና ከጎን የሚመጣላችሁን ማስታወቂያ እዩ። የሚከተላችሁ ምን እንደሆነ እዩት።»

መጀመሪያ ሳቅ ነበር። አንዱ «እኔን ፍራሽ ነው የሚከተለኝ!» አለ። ሌላዋ «እኔን ሻንጣ» አለች። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። አንዲት ሴት ስልኳን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ኋላ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ የእሱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ መስኮቱ አየ።

«አታሳዩኝ» አላቸው ብሩሽ። «ለጎረቤታችሁም አታሳዩ። ዝጉትና አስቀምጡት።»

ሁሉም እስኪዘጉ ቆሞ ጠበቃቸው። ከዚያ መነጽሩን ከእጄ ተቀብሎ፣ «ተባረኪ» አለኝና ትምህርቱን ቀጠለ።